ጋሽ ይመርና ከጉድጓዱ የማይወጣው ሸማኔ

አቶ ይመር፣ እኛ ጋሽ ይመር የምንላቸው የሽመና ክፍሉ መካኒክ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አቃቂ በሰቃ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። እኔ መርዶውን የሰማሁት ከጠዋቱ ፈረቃ ስወጣ ነው። የቦይለር ክፍሉ ሠራተኛ በላቸው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ነበር። በላቸው ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለሰንደቅ ዓላማና ለሞት ብቻ ስለሆነ የጠየቅሁት ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ነገረኝ። «ቀብሩ መቼ ነው?» ስለው መሬት መሬት እያየ፣ «ቀበርናቸው እኮ፤ በሙስሊም ወግ ሬሳ አያቆዩም። አንቺን ከማሽን ላይ የሚያስነሳ አለቃ ፈልገን አጣን» አለኝ። እኔ የተበጠሰ ክር ስቀጥል እሳቸው አፈር ለብሰዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐዘኔና ንዴቴ ተደባልቀው የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቶኛል።

ስሜ ፀዳለ ነው። በዚሁ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ይህን የምጽፈው ጋሽ ይመርን ለምታውቁ ሁሉ፣ ለሽመና ክፍል ባልደረቦች፣ ለዕድራችን አባላትና በሰርቪሱ ከሳሪስ እስከ አቃቂ የሳቸውን ክርክር ሳትወዱ በግድ ስትሰሙ ለኖራችሁ ነው። ጋዜጣ አያወጣውም፤ እጅ ለእጅ ይዙር። ሰው ሲሞት «ደግ ነበሩ፣ ሩኅሩኅ ነበሩ» ብሎ ማለፍ ወግ ነው። ነበሩም። ግን በዚህ ብቻ ባልፍ ጋሽ ይመር ራሳቸው «ይሄማ ፊልሙ ነው፤ ቴአትሩ የታለ?» ይሉኛል። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ። ከጽሑፉ መጨረሻም አንድ ነገር ስለምጠይቃችሁ እስከዚያ ታገሡኝ።

ጋሽ ይመር የተወለዱት ወሎ፣ ከሸማኔ ቤት ነው። አባታቸው፣ አያታቸውም ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው፣ እግራቸውን መርገጫው ላይ አድርገው ሲሸምኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው። «ሸማኔ» ስድብ በነበረበት አገር ነው ያደጉት። በወጣትነታቸው ከዘመዶቻቸው ጋር በጭነት መኪና አቃቂ መጥተው ፋብሪካ ሲቀጠሩ፣ አለቆቹ ከሌላው ሠራተኛ የለዩዋቸው በጆሯቸው ነው። ከመቶ ማሽን ጩኸት መካከል የታመመውን ይለዩታል። ሁላችን ጆሯችን ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀን ስንሠራ እሳቸው ጥጣቸውን አውጥተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በማሽኖቹ መካከል ይሄዳሉ፤ ድንገት ይቆሙና «ይቺ ልትበጥስ ነው» ብለው ገና ያልበጠሰችውን ይፈቷታል። ማሽኗ አሥር ጊዜ እየቆመች ምርት የጎደለባትን ሴት አለቃ ሳያያት፣ የራሳቸውን የምሳ ሰዓት ሠውተው ያስተካክሉላታል። ስታመሰግናቸው ይቆጣሉ። «ማሽኑን ነው ያከምኩት፤ አንቺን አላውቅሽም» ይላሉ።

ሽመና ክፍል ገብቶ ያላየ ሰው አንድ ነገር ይወቅልኝ። እዚያ ውስጥ ጮኸህ ብትናገር አጠገብህ ያለው አይሰማህም። ስለዚህ የምናወራው በከንፈር ነው። ድምፅ ሳናወጣ አፋችንን እናንቀሳቅሳለን፣ ሌላዋ ከአራት ማሽን ወዲያ ሆና ታነባለች። ሐሜታችንም ለቅሷችንም የሚያልፈው በዚህ ነው። ጋሽ ይመርም ሲሠሩ ይዘፍኑ ነበር። ማንም እንደማይሰማቸው ስለሚያውቁ አፋቸውን ሞልተው ይዘፍናሉ። እኛ ሴቶቹ ግን በቁርጥራጭም ቢሆን እናነባቸው ነበር።

የሚዘፍኑት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «የጉድጓዱ ሸማኔ»።

ለማታውቁት፣ «የጉድጓዱ ሸማኔ» ከተማ ይታይ የነበረ፣ ከንግግሩ ዘፈኑ የሚበዛ ቴአትር ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰርቪስ አሳፍሮ ወስዶን ነበር። ታሪኩ ጨለማ ነው። ባላባት አንድ ልጁን የገደለበት ሸማኔ፣ ለባላባቱ ቤተሰብ ለእያንዳንዳቸው መግነዝ እየሸመነ በቁማቸው ይልክላቸዋል። ልኩ ከቁመታቸው ዝንፍ አይልም። የደረሰው ሁሉ በድንጋጤ ይታመማል፣ ይሞታል። ሸማኔው ከጉድጓዱ ሳይወጣ ይሸምናል፣ ይዘፍናል። በመጨረሻ ለእመቤቲቱ የላከው መግነዝ በስሕተት የቤቱ ገረድ እጅ ይገባል። ልጅ እግር ናት፤ ምንም አልበደለችውም። እሷ ትሞታለች። ሸማኔው ይህን ሲሰማ መወርወሪያውን ያስቀምጣል፤ መብራቱ አንድ በአንድ ይጠፋል፤ እሱም አንድ ዘፈን ዘፍኖ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። አለቀ። ጭብጨባ እንኳ ቶሎ አልመጣም። ጋሽ ይመር ወደ አቃቂ እስክንመለስ መስኮት መስኮቱን እያዩ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ በየእረፍት ቀናቸው እየሄዱ፣ ቴአትሩ ከመድረክ እስኪወርድ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ አይተውታል። እኔ ያየሁት ያንን አንድ ቀን ነው። ከልቤ ብናገር አልወደድኩትም። ደረቴን ተጭኖኝ ነው የወጣሁት።

ቀጥሎ የቴአትሩ ፊልም መጣ።

ፊልሙ የፋብሪካው አዳራሽ የታየው መስኮቶቹ በድርብ ጨርቅ ተሸፍነው፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። ማሳያው ሸራ የራሳችን አቡጀዲ ነበር፤ አራት ክንድ በአራት ክንድ አድርገው ሰፍተውታል። እስከ መካከሉ ሰላም ነው። ሸማኔው መሸመን ሲጀምር ግን ጋሽ ይመር ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «እግሩ! እግሩን እዩት!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ምን ነካቸው አለ። ተዋናዩ መወርወሪያውን በእጁ ወዲያ ወዲህ ይወረውራል እንጂ እግሩ አይንቀሳቀስም። «እግር ካልተፈራረቀ ድሩ አይከፈትም! ማጉ በገባበት ተመልሶ ይወጣል! ይሄ ሰውዬ ምንም እየሸመነ አይደለም!» በግድ አስቀመጥናቸው።

ይባስ ብሎ መግነዙ ተዘርግቶ ለባላባቱ ሲቀርብ፣ ከመላው ፊልም እጅግ በሚያስፈራው ቦታ ላይ፣ አንዷ የማጠንጠኛ ክፍል ሴት «ውይ የኛ አቡጀዲ ነው! ጠርዙን እዩ!» አለች። እውነቷን ነው፤ የኛ ነበር። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ባላባቱ መግነዙን አይቶ ሲንቀጠቀጥ እኛ በምርታችን ኮርተን እናጨበጭባለን። እኔም አጨበጨብኩ። ጋሽ ይመር ግን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ተቀመጡ።

የፊልሙ መጨረሻ ተለውጧል። ልጅቷ ትሞታለች፤ ግን ሞቷ በባላባቱ ላይ ይላከክና ይታለፋል። ገበሬዎች ችቦ ይዘው ይመጣሉ፣ ሸማኔውን እጁን ስበው ከጉድጓዱ ያወጡታል፣ እሱም የቀረውን መግነዝ እሳት ውስጥ ይጥለዋል፣ ከዚያ ባንዲራ ተሸክሞ ከፊት ከፊት እየዘፈነ ይሄዳል። የመጨረሻው ዘፈን የለም፤ ሰልፍ ነው ያለው። እኔ ይህን ወደድኩት። ወደድኩት አልኩ፤ አላፍርበትም። ሰው ከጉድጓድ ሲወጣ ማየት የማይወድ ማን ነው? ደግሞም እናቴ ዓይኗ ደክሞ ከተማ ድረስ ሄዳ ቴአትር ማየት አትችልም ነበር፤ ፊልሙ ግን አቃቂ ድረስ መጣላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ፊልሙ በሳምንቱ ሲደገም እናቴን ይዤ ልሄድ ስል የእኔ ፈረቃ ሆነ። ጋሽ ይመር ሰምተው፣ «እኔ አደርሳቸዋለሁ» አሉ። የሚጠሉትን ፊልም ሁለተኛ ጊዜ ለማየት! ቤት ድረስ ሄደው፣ እናቴን ክንዳቸውን አስይዘው፣ ቀስ እያሉ ወስደው አጠገባቸው አስቀመጧት። እሷ በደንብ ስለማታይ በጆሮዋ የሚሆነውን እየነገሯት አብረው አዩ። በኋላ ቤት ስገባ እናቴ ታለቅሳለች። «ምነው?» ብላት፣ «ያ ሸማኔ፣ ምስኪን፣ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ እኮ» አለችኝ። መጨረሻው ሲደርስ ጋሽ ይመር ፊልሙን ትተው ቴአትሩን ነው የነገሯት! በማግስቱ ሽመና ክፍል ውስጥ በከንፈሬ ያልሰደብኳቸው ስድብ የለም። እሳቸው በከንፈራቸው «ዓይናቸው ቢደክም እውነቱን ማየት አይገባቸውም?» ብለው ማሽናቸውን መፍታት ቀጠሉ። እናቴም እስክትሞት ድረስ ሸማኔው ወጣ ብላት አላመነችኝም።

ክርክሩ ከዚያ ወዲያ ማብቂያ አልነበረውም። ከፋብሪካው በር ማዶ ያለችው ሻይ ቤት ውስጥ የቴአትር ወገንና የፊልም ወገን ተብለን ለየብቻ ወንበር እስከ መያዝ ደርሰን ነበር። በላቸው ብቻ ማንም ሻይ ከጋበዘው ጋር ይስማማል። «ጋሽ ይመር፣ ተስፋ የሌለው ነገር ምን ይጠቅማል?» እላቸዋለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ተስፋ ነው ወይስ መርሳት?» ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ «እሱስ ልክ ነሽ» አላሉኝም። በጣም አድራቂ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ።

ያን ጊዜ በየሳምንቱ ረቡዕ ከፈረቃ በኋላ የውይይት ክበብ ነበረን። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፣ ጽሕፈቴ ያምራል፣ ፈጣን ነኝ። ሰው የተናገረውን ቃል በቃል እይዛለሁ ብዬ እኩራራ ነበር። አንድ ረቡዕ የክበቡ ካድሬ «ዛሬ የምንወያየው ስለ ፊልሙ ትምህርታዊነት ነው» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ተነሥቶ አወደሰ። እኔም አወደስኩ። ጋሽ ይመር እጃቸውን አወጡ። ስለ እግሩ ነው የሚያወሩት ብዬ ፈገግ አልኩ።

ስለ እግሩ አወሩ። ቀጥለው ግን እንዲህ አሉ፦ «ጓዶች፣ ይሄ ሰው እኮ ንጹሕ ልጅ ገድሏል። ጠላቴ ብሎ የጀመረው ሌላ ሰው ላይ ነው የደረሰበት። ንጹሕ ሰው የገደለ ሰው ቀና ብሎ ባንዲራ ይዞ አይዘፍንም። ሰዎች ጎትተው ቢያወጡት እንኳ ጉድጓዱ አብሮት ይወጣል።»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጁ ወጥቶ የቀረበት ሰው ነበረ። የሰው ልጅ ከቤቱ ያስወጣም ሰው ነበረ። ሁሉም ጎን ለጎን ነው የተቀመጠው። ጋሽ ይመር ይህን ልብ ሳይሉ፣ «በቴአትሩ መጨረሻው እንዲህ ነበር» ብለው የሸማኔውን የመጨረሻ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰሙ። በማሽን ጩኸት ውስጥ ስናነበው የኖርነውን ዘፈን በድምፃቸው የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ነበር። ወረቀት ነበረኝ። ዘፈን ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም ብዬ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ሲጨርሱ አነሣሁና «ዘፈን አሰሙ» ብዬ ሁለት ቃል ጻፍኩ።

ካድሬው ዘወር ብሎ፣ «ጓድ ፀዳለ፣ ስለ ባንዲራው የተባለው ተይዟል?» አለኝ።

«ቃል በቃል ተይዟል፣ ጓድ» አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት። አሁንም ያ ድምፄ ይሰማኛል።

ጋሽ ይመርን በማግስቱ «ለማጣራት» ተብሎ ወሰዷቸው። ዘጠኝ ቀን ቆዩ። ሲመለሱ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ አዳራሹ ፊት ቆሙ። እኔ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ተቀምጫለሁ፤ በልቤ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ተሳስቻለሁ በሉ» እላቸዋለሁ። ጉሮሯቸውን አጸዱና፣ «ስለ እግሩ የተናገርኩትን አነሣለሁ። ምናልባት ተዋናዩ እግሩን አሞት ይሆናል። ስለ መጨረሻው ግን አንድ ነገር ብዋሽ አባቴ መቃብሩ ውስጥ ይገላበጣል» አሉ። አሁን ሳስታውሰው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን ተነሥቼ ባንቃቸው ደስ ባለኝ።

ከሽመና ክፍል አንሥተው ጥጥ መጋዘን ወረወሯቸው። ያ የሰው ሁሉ ማሽን የሚያዳምጥ ጆሮ ከጥጥ እስር ጋር ተዘጋ። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ ብናኙ እንደ ጉም ይንሳፈፋል። በዓመቱ ማሳል ጀመሩ። እዚያ ሳሉ እንኳ የምሳ ሰዓት ሲሆን በሽመና ክፍሉ በር ቆመው ያዳምጡና ለአዲሱ መካኒክ፣ «ከግራ ሦስተኛዋን እያት፣ ታማለች» ይሉት ነበር።

እኔ ለወራት ሸሸኋቸው። አንድ ቀን ሰርቪስ ውስጥ ጎኔ መጥተው ተቀመጡ። አሁን ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ቃለ ጉባኤሽን አነበቡልኝ እዚያ» አሉኝ። «ጥሩ ጽፈሻል። ያልኩትን ነው የጻፍሽው። አንድ ነገር ግን አናደደኝ» አሉ።

«ምን፣ ጋሼ?»

«ዘፈኑን ዘለልሽው! ‹ዘፈን አሰሙ› ይባላል? ምን ዘፈን? ሠርግ ነው? አራት ቤት ናት፣ ስምንት መስመር፤ ለስምንት መስመር ወረቀት አጣሽ?» እውነተኛ ቁጣ ነበር። በኔ ምክንያት ከሥራቸው መነሣታቸውን፣ ዘጠኙን ቀን፣ ሳላቸውን አንሥተው አያውቁም። የዘፈኑን ነገር ግን አልተዉኝም። «ነይ ላስጽፍሽ» ይሉኛል። «ነገ» እላለሁ። ለምን? እውነቱን ልናገር፦ አንደኛ፣ ያ ዘፈን የተጻፈበት ወረቀት ቤቴ እንዲገኝ ፈራሁ። ሁለተኛ፣ ብጽፍላቸው የተሸነፍኩ መሰለኝ። በዚህ እልህ ስንት ዓመት አለፈ!

ባለፈው ክረምት ሕመሙ ሲጠናባቸው ደነገጥኩ። ከተማ ቴአትር ቤት ሄጄ የቴአትሩን ጽሑፍ ጠየቅሁ። ደራሲው አገር ውስጥ የለም፤ ተዋንያኑ ተበትነዋል፤ ጽሑፉ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የቢሮው ሰውዬ ሻዩን እያማሰለ፣ «ፊልሙ አለ አይደል? ምን ያደርግልሻል እሱ?» አለኝ። «ፊልሙ ላይ ዘፈኑ የለም» አልኩት። «እንግዲያው አስፈላጊ አልነበረማ» አለኝ። ሁለተኛ ስሄድም ያንኑ ደገመልኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ የጋሽ ይመርን ክርክር በጋሽ ይመር ቃል ከራሴ ጋር ስከራከር ራሴን አገኘሁት።

በመጨረሻ፣ ከማረፋቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ትራስ ደግፈው አስቀምጠዋቸዋል። ድምፃቸው ጠፍቷል። ደብተርና እስክሪብቶ ሳወጣ ሲያዩ ዓይናቸው በራ፤ በእጃቸው «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አሉኝ። ድምፅ ባይኖራቸውም እኔና እሳቸው ድምፅ አያስፈልገንም። ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤ ከንፈራቸውን እያነበብኩ ጻፍኩ፦

ለጌታው ሸመንኩ በክንዴ ለክቼ፣
ለእመቤቲቱም ሌት ተቀን ሠርቼ።

ለሌላ የላክሁት እሷን አለበሳት፣
ያልበደለችኝን በምን አፌ ላውሳት?

ውጣ አትበሉኝ ሰዎች ብርሃን አታሳዩኝ፣
የልጅቷ ዓይኖች ከደጅ ቆመው ሲያዩኝ።

አሁን የቀረኝ ድር ለአንድ ሰው ይበቃል፣

እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው። እትዬ ዘይነብ ፎጣውን አፋቸው ላይ አደረጉላቸው። እሳቸው ከፎጣው ሥር አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እኔ ግን የማየው ፎጣ ነው። የመጨረሻዋ መስመር ከፎጣው ሥር አለፈች። ፎጣው ሲነሣ ጨርሰዋል፤ ደክሟቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ድገሙልኝ» ማለት አልቻልኩም። «ነገ እመጣለሁ» አልኩ። ይኸው አሁንም ነገ። በማግስቱ ስሄድ ከንፈራቸውም አልንቀሳቀስ አለ፤ ከዚያም ማክሰኞ ሆነ።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው፦ ያቺን መስመር የሚያውቅ፣ ቴአትሩን ያየ፣ ያን ረቡዕ አዳራሽ የነበረ፣ ወይም ከከንፈራቸው ያነበበ ሰው ካለ እባካችሁ አምጡልኝ። በላቸው «ቀላል ነው፣ ‹ለማን እንደሆነም ሸማኔው ያውቃል› በይና ዝጊው» ብሎኛል። ቤቱን ይመታል። ግን ጋሽ ይመር አሥራ አንድ ጊዜ የሄዱት በላቸው ለገጠመው መስመር አይደለም። ገጥማችሁ አታምጡልኝ። ጨርሰው የሚያሳምሩት ሰዎች ፊልሙን እንዴት እንዳደረጉት አይተናል።

ለቅሶ ቤት ስደርስ እትዬ ዘይነብ ጎናቸው አስቀመጡኝና አደራ አለብኝ አሉ። ጋሽ ይመር ከንፈራቸው እንቢ ከማለቱ በፊት፣ ደብተሬን ይዤ በወጣሁበት ማታ፣ በእጃቸው መጻፍ እያሳዩ በሹክሹክታ፣ «የምትጽፈዋን» ብለው፣ «አፉ በይኝ በሏት» ብለዋል። በነሱ ወግ ይቅር በይኝ ማለት ነው። «ፊልምሽን ብዙ ሰድቤብሻለሁ፣ አንድ ቀን አልራራሁልሽም» ብለው ነው አሉኝ። እኔን! እሳቸው! እንዴት እንደጮህኩ እዚያ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። እናንተ የሐዘን መስሏችኋል። ንዴት ነው። እኔ ስንት ዓመት አፌ ላይ ይዤው ስዞር የነበረውን ቃል ቀድመው ተናገሩት፤ መልሴን ሳይሰሙም ሄዱ።

ጋሽ ይመር፣

እንግዲህ መልሴን ይስሙ። በሕይወት ሳሉ ብነግርዎ ኖሮ ሻይ ቤቱን ሙሉ ዞረው ይነግሩብኝ ስለነበር ነው የዘገየሁት ብዬ ልቀልድ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ፊልሙን እስከ መጨረሻ ለምን ሙጥኝ እንዳልኩ አሁን ገብቶኛል። ያን ረቡዕ እኔም እጄ ፈጣን ነበር፤ ልኩን ሳልስት፣ ቃል በቃል ሠርቼ ላክሁ። ለማን እንደላክሁት አላውቅም፤ የለበሱት ግን እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲያ ሰው ከጉድጓዱ ወጥቶ ሲዘፍን ማየት እፈልግ ነበር።

በላቸው የተገነዙበት ከፈን የኛው አቡጀዲ እንደነበር ነግሮኛል። ጠርዙን አይቶ ነው ያወቀው። ማንም አላጨበጨበም።

ቅጂው እኔ ዘንድ የቀረውን ያን ቃለ ጉባኤ አሻሽዬዋለሁ። «ዘፈን አሰሙ» የሚለውን ሠርዤ ሰባቱን መስመር በቦታቸው ጽፌያለሁ። ስምንተኛውን መስመር ክፍት ትቼዋለሁ፤ አልሞላውም። ከሥሩ ግን በስብሰባው ማንም ያላለውን፣ እኔ ልለው ይገባኝ የነበረውን ጨምሬ ፈርሜበታለሁ፦ «ጸሐፊዋ ፀዳለ ከጓድ ይመር ጋር ትስማማለች። ሸማኔው አይወጣም።»

አፉ በሉኝ፣ ጋሼ። ደህና ይረፉ።